በሁለት ጾም መካከል የወደቀ በሬ

ወለተሐና አንድ በሬ አላት፤ እኔም አንድ በሬ አለኝ። ሁለት ድሃ ሲቀናጅ አንድ ገበሬ ይወጣዋል።

የእሷ ዳልቻ ይባላል፣ የእኔ ቡሬ። ሁለቱን አንድ ቀንበር ሥር አስገብቼ ሁለት ቀን የእሷን መሬት፣ ሁለት ቀን የእኔን አርሳለሁ። ይህን መቀናጆ እንለዋለን። ባሏ ተስፋሚካኤል በሕይወት ሳለ የምቀናጀው ከሱ ጋር ነበር፤ ከሞተ ወዲህ ግን ከሚስቱ ጋር ስንቀናጅ አራተኛ ዓመታችን ነው። ሰው ደግሞ ያው ሰው ነው፣ «ዘሥላሴ የተቀናጀው ከበሬው ነው ከባለቤቲቱ?» እያለ ይስቃል። ወሬውን የጀመርኩት እኔው ነኝ። ሌላ ሰው ቢጀምረው ይከፋ ነበር።

አገራችን ከአንኮበር ዝቅ ብሎ፣ ወደ አሊዩ አምባ የሚወርደው መንገድ አጠገብ ነው። ቁልቁለት ነው። ለእንግዳ ሳስረዳ፣ «እኛ ድንች ለመቆፈር አንደክምም፤ ሲበስል ራሱ ተንከባሎ ይወርዳል፣ ታች አሊዩ አምባ ሄደን ከሰው ደጃፍ እንለቅማለን» እላለሁ። የሚያምነኝ አላጣም። አንድ የግብርና ሠራተኛ ደብተሩ ላይ ሊጽፈው ጀምሮ ወለተሐና ናት በሳቅ ያጋለጠችኝ።

አንድ ልጅ አለቻት፣ ሔራን። አንኮበር ከተማ ክፍል ተከራይታ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ መጥታ በሶዋንና ሽሮዋን ተሸክማ ትመለሳለች። ሰኔ ላይ ትፈተናለች። እናቲቱ ነገሩን ባጭሩ ነው የምታስቀምጠው፦ «የበልጉ ገብስ ሙሉው ቤቴ ከገባ ሔራን ትማራለች። ግማሹ ከገባ እኔ እበላለሁ፣ እሷ ትቀራለች።» በእኛ አገር በሬ የሌለው ሰው መሬቱን ለባለበሬ እኩል ይሰጣል፤ ያረሰው ግማሹን ምርት ይዞ ይሄዳል። እንግዲህ ሔራንን ወንበር ላይ ያስቀመጣት ዳልቻ ነው ማለት ነው።

«በሬሽ እኮ ዲግሪ ሊይዝ ነው» እላታለሁ።

«ካንተ ይሻላል። አምስተኛ ክፍልን ስንት ጊዜ ደገምክ?»

«ሁለቴ ብቻ። በሦስተኛው አስተማሪው ራሱ ዝውውር ጠይቆ ሄደ።»

የዘንድሮው በልግ ዘገየ። ሰማዩ ባዶውን ከርሞ ከርሞ ዝናቡ የመጣው የዐቢይ ጾም ሦስተኛ ሳምንት፣ ምኩራብ ሲገባ ነው። እስላሞቹም በዚያው ሰሞን ረመዳን ላይ ናቸው። ደጋውም ቆላውም ጾመኛ ሆነና አገሩ ጸጥ ብሏል። መሬቱ በሁለት ቀን ራሰ፣ ባለበሬ ሁሉ ጠመደ። እኔም የወለተሐናን የላይኛውን እርሻ ያዝኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ ሞፈሩን አስቀምጬ በሬዎቹን ፈታሁ። እርከኑ ጫፍ ላይ ዝናቡ ያወጣው ለምለም ሣር አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ገደል። እዚያ ቦታ በሬ ሲግጥ ሰው አጠገቡ ይቆማል። ይህን ሕፃን ያውቀዋል።

መንገዱ ዳር ከአሊዩ አምባ በርበሬና ጨው ጭነው የሚመለሱ ስድስት ሰባት ሰዎች አህዮቻቸውን አሳርፈው ተቀምጠዋል። አዩኝ።

«ዘሥላሴ! ና እስቲ፣ ዳገቱን የሚያስረሳ ነገር ጣልልን!»

«በሬ እየጠበቅኩ ነው» አልኳቸው።

«በሬውስ ቢሰማ ምን አለበት? ጮክ ብለህ አውራ!»

ሄድኩ። አሥር እርምጃ ብሄድ ነው። የነገርኳቸው የጣርማ በሩን በግ ነው። «ጣርማ በር ላይ ብርዱ እንዲህ ጸንቶ፣ የአንዱ ሰውዬ በግ ጥላው መሬት ላይ በውርጭ ተጣብቆ ቀረ። በጉ ያለ ጥላው ደብረ ብርሃን ገበያ ቀረበ። ገዢ መጣ፣ ዞረው፣ ዳሰሰው፣ ‹ግማሹስ የታለ?› አለ። ሰውዬው ምን ያድርግ፣ ተመልሶ ወጣ፣ ጥላውን በመጥረቢያ ፈልፍሎ አንስቶ፣ ጠቅልሎ፣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሲወርድ ፀሐይ ወጣችና ጥላው ጀርባው ላይ ቀለጠ። ይኸው እስከ ዛሬ የሰውዬው ጥላ ሲሄድ ‹ባእ› ይላል።»

ሳቁ ገና አፋቸው ውስጥ ሳለ ከኋላዬ ድንጋይ ሲንኮታኮት ሰማሁ። ዞር ስል ቡሬ ብቻውን ቆሟል።

ዳልቻ ሁለት እርከን ወርዶ ቋጥኝ ነው ያስቀረው። የግራ ፊት እግሩ ከጉልበቱ በታች በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል። አልጮኸም። እያለከለከ ያየኛል። ከሰው መንደር ስድብ ለምጃለሁ፤ የበሬ ዝምታ ግን አላውቅም ነበር።

ወለተሐና ስትሮጥ መጣች። ነጠላዋ የት እንደወደቀ እንጃ። ከበሬው አጠገብ ተንበርክካ እግሩን አየችና እጇን አንገቱ ላይ አሳረፈች።

«የት ነበርክ?» አለችኝ፣ ሳትዞር።

«መንገዱ ጋ።»

«ምን ስትሠራ?»

«ሳወራ።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ እስከ ዛሬ ይህን ነገር አንስታብኝ አታውቅም። ብታነሳብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ነገር መድኃኒት አለው። የሰው በሬ ገደል ሲገባ መንደሩ ይሰበሰባል፤ በሬው ሳይሞት ይታረዳል፤ ሥጋው እንደ ቅርጫ በመደብ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ቤት፣ አማረውም አላማረውም፣ መደቡን አንስቶ ዋጋውን ይሰጣል። በዚያ ባለበሬው ሌላ ይገዛል። አባቶቻችን ሰው በአንድ ክፉ ቀን ከሰው ተራ እንዳይወጣ የሠሩት አጥር ነው። አጥሩ ግን አንድ ቀዳዳ አለው፤ በዐቢይ ጾም ሥጋ የሚበላ ሰው የለም። ሥጋ ሳይወስድ ብር የሚያወጣ ቤት ደግሞ ከየት ይምጣ? ሁሉም ለዘር አውጥቶ ጎተራውን እያየ ነው።

ሰው ተሰበሰበ። ቄስ ገብረአማኑኤል መስቀላቸውን ይዘው መጡ። መንደራችን ውስጥ ከብት የሚያርደው ጋሽ ወልደኪዳንም ቢላዋውን ይዞ መጣ።

«አርደን ቋንጣ ብናደርገው፣ ለፋሲካ ቢደርስስ?» አለ አንዱ።

ቄሱ ወደ ላይ አዩ። ከቆላው የሚነሳው ጉም ገና በቀትሩ ዳገቱን ይዞ እየወጣ ነው። «ማረዱንስ ስለ ችግሯ እግዚአብሔር ይቅር ይላል። ግን ይህ ጉም እንኳን ሥጋ እንጨት ያደርቃል ወይ? ሳምንት ሳይሞላው ይሸታል» አሉ።

«እንግዲህ በክት ሆኖ ለጅብ ነው» አለ ወልደኪዳን። «ያሳዝናል።»

ያን ጊዜ ነው እኔ የዘለልኩት። «እስላሞቹ አሉ አይደል! እነሱ ጀንበር ስትጠልቅ ይበላሉ። ረመዳን ነው፣ ለማፍጠሪያ ሥጋ ይፈልጋሉ። አሊዩ አምባ ሸምሱ አለ፤ ከብት ነጋዴ ነው። መጥቶ በራሱ እጅ በቢስሚላህ ይረደው፣ ሥጋውን ጭኖ ይውረድ፣ ለእሷ የበሬ ዋጋ ይስጣት። ብቻ እሱ እስኪመጣ በሕይወት ይቆይ። ክርስቲያን ካረደው እነሱ አይነኩትም።»

 ከዚያ ወልደኪዳን ሳቅ ብሎ፣ «አምና ከደብረ ብርሃን ትራክተር ላመጣላችሁ ነው ብለህ መንገዱን ያስጠረግከን አንተ አይደለህ?» አለ።

«እንዲያውም ሁለት ትራክተር» አለ ሌላው።

«ሁለተኛው መለዋወጫ ነበር» አልኩ። አፌን ምን እንደሚያስቸኩለው አላውቅም። ወለተሐና አየችኝ።

ሰው ሁሉ እየሰማ ለሸምሱ ደወልኩ። «ሸምሱ፣ የወለተሐና በሬ እግሩ ተሰብሯል፣ ሳይሞት ናና…» ስል፣ «ወንድሜ፣ ጾም ላይ ነኝ፤ ሌላ ቀን ዋሸኝ» ብሎ ዘጋው። ደግሜ ደወልኩ፤ ደግሞ ዘጋው። ከኋላ የሳቀ አለ። ብዙ አልሳቀም፣ ግን ሳቀ።

እውነት አለው። ሸምሱን ባለፈው ዓመት «አንኮበር ላይ የግመል ሽቅድምድም አለ፣ ሽልማቱ ሰንጋ ነው» ብዬ ግመሉን አስወጥቼ ጉም ውስጥ ቀኑን ሙሉ አቁሜዋለሁ። ግመሉ ጉንፋን ይዞት ሳምንት ሙሉ ሲያስል ከረመ።

«በእግሬ ወርጄ አመጣዋለሁ» አልኩ።

ወለተሐና ከቤት ያመጡላትን ጋቢዋን ተቀብላ ዳልቻን እያለበሰችው፣ «ሂድ፤ እጠብቅሃለሁ» አለችኝ።

«ማንም እንዳይነካው።»

«ሂድ አልኩህ።»

ያን ቁልቁለት ሰው በሁለት ሰዓት ይወርደዋል። እኔ በስንት እንደወረድኩት አላውቅም። ወትሮ ቢሆን «ጥላዬን ቀደምኩት» እላለሁ። የማስታውሰው ድንጋዩን ብቻ ነው።

ሸምሱ ሱቁ በር ላይ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ከንፈሩ በጾም ደርቋል። ሲያየኝ፣ «ሱብሃነላህ! በስልክ አልበቃ ብሎህ በአካል መጣህ?» አለ።

 ትንፋሼ እምቢ አለኝ። እሱም ከራሴ እስከ እግሬ አየኝ፤ እግሬ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«አንዱ ጫማህስ?»

ወደ ታች ባይ አንድ ኮንጎ ብቻ ነው ያለኝ። ሌላው የት እንደቀረ እንጃ። እግሬ ይደማል።

«ለውሸት ብሎ ጫማውን የሚጥል ሰው አላየሁም» አለና ተነሳ። «የማን በሬ ነው?»

«የወለተሐና። የተስፋሚካኤል ሚስት።»

«የተስፋሚካኤል!» አለ። «ወላሂ፣ እሱ ሰው ነበር።» ወዲያው በቅሎ አስጫነ፤ ቢላዋ፣ ገመድ፣ ጆንያ፣ ለቆዳው የሚሆን ጨው። «ወደ ላይ በቅሎ ይዞ ሦስት ሰዓት ነው። ለዛሬ ማፍጠሪያ አይደርስም። ለሌሊቱ ለሰሁር ግን፣ ኢንሻአላህ፣ ሰው ሁሉ ሥጋ ይበላል። በዋጋውም አልጎዳትም፤ ጤነኛ በሬ እንደሚገዛ አድርጌ እገዛዋለሁ።»

ያን ዳገት ስወጣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ልደብቅ አልችልም። ሸምሱ ውኃ ሳይቀምስ፣ ምራቁን ሳይውጥ ነው የሚወጣው። «ደከመህ?» ስለው፣ «ግመሌን አስታወስኩት» ይለኛል። እስቃለሁ። በልቤ ወልደኪዳንን ምን እንደምለው እያዘጋጀሁ ነበር።

ከዳገቱ አጋማሽ አንድ ኩርባ አለች፤ ከመንገዱ ሁሉ ስልክ የሚይዘው እዚያች ላይ ብቻ ነው። ሸምሱ በቅሎዋን እየጎተተ ከኋላ ቀርቶ ስለነበር እኔ ቀድሜ ደረስኩና ለወልደኪዳን ደወልኩ። ጌጤ፣ ሚስቴ፣ ስልክ የላትም፤ ወለተሐናም የላትም።

«ጋሽ ወልደኪዳን! መጣን! ኩርባው ላይ ነን፣ ሸምሱን ይዤዋለሁ!»

«ጎበዝ» አለኝ። ድምፁ ደክሟል። «ትራክተሩንም ይዘኸው ና።»

ዘጋው። ሸምሱ እስኪደርስ ጠበቅኩና፣ «አንተ አናግረው» ብዬ ስደውል ጉሙ ኩርባውን አልብሶታል፤ ስልኩ «አገልግሎት የለም» አለ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ስልኩን ድንጋይ ላይ ልወረውረው ነበር፤ ሸምሱ እጄን ያዘና፣ «ተወው፣ እግራችን ይቅደም» አለኝ።

ስንደርስ ጀንበሯ ልትጠልቅ ነው። ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ የታየኝ የተሰበሰበው ሰው ነው። ቀጥሎ መሬት ላይ የተዘረጋው ቆዳ።

ወልደኪዳን ቢላዋውን በሣር እየጠረገ ነበር። «በክት ሊሆን ነበር፣ ዘሥላሴ። ዓይኑን ገልብጦ ነበር። እንዳይሰቃይ ብዬ…» እያለ ቀና አለ። ከኋላዬ ሸምሱን አየ። በቅሎዋን አየ። ጆንያዎቹን አየ። ቢላዋውን ቀስ ብሎ ከጀርባው ደበቀው።

«እውነትህን ነበር እንዴ?» አለኝ።

 ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው ነው፤ በሬ ሲሰቃይ ማየት የማይችል ሰው ነው፤ ክፋት በደጁ አላለፈም። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። «እውነትህን ነበር?»

ሸምሱ ተጠግቶ፣ «ማን ባረከው?» ብሎ ጠየቀ።

«እኔ» አለ ወልደኪዳን። «በስመ ሥላሴ።»

ሸምሱ ገመዱን ከበቅሎዋ ላይ ፈትቶ መልሶ ጠቀለለው። «አላህ ይተካላችሁ» አለ። ሥጋው እዚያ ተዘርግቶ፣ እኛ በአንድ ወገን፣ እሱ በሌላው ወገን ቆመን፣ አንዳችንም የማንነካው ሆነ። ያን ያህል ሥጋ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ ያን ያህል ረሃብም።

ወለተሐና ከድንጋዩ ላይ ተነሳች። ጋቢዋ ደም ነክቶታል። «ጀንበር ገባች፣ እንግዳው ጾመኛ ነው» አለችና ወደ ቤቷ ሄደች። በቅል ውኃ፣ በሳህን በሶ ይዛ ተመለሰች። ሸምሱ ቆሞ «ቢስሚላህ» ብሎ ጠጣ። ቅሉ ባዶ እስኪሆን ሁላችንም ጉሮሮውን እናያለን፤ ሌላ የምናየው ነገር አጥተን። ሲሄድ ለቆዳው ያመጣውን ጨው ትቶላት፣ «ምናልባት ቋንጣውን ሞክሩት» አለ። ሞከርነው። ጉሙ ስድስት ቀን ሙሉ አልተነሳም። በስድስተኛው ቀን ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው።

ያን ምሽት ቤቷ ድረስ ስሸኛት፣ ሳልጠይቃት፣ «ጠብቄህ ነበር» አለችኝ። «‹ይምጣ፣ ይመጣል› አልኳቸው። እነሱ ‹ተደብቆ ነው፣ አፍሮ ነው፣ ዛሬ አይመጣም› አሉኝ። ዳልቻ ዓይኑን ሲያዞር ጊዜ… ስትሄድ አምኜህ ነበር። ሲመሻሽ ደከመኝ።»

የበልግ ዝናብ ለቅሶ አይደርስም። በሳምንቱ መሬቱ መድረቅ ጀመረ። ጌጤ ሁለት ቀን ታግሳኝ በሦስተኛው፣ «የእኛን መሬት ምን ሊያርሰው ነው? እንባህ?» አለችኝ። ቡሬ ብቻውን ግማሽ በሬ ነው። ወልደኪዳንም አንድ በሬ ነው ያለው፤ ተቀናጇው በክረምት በሬውን ሸጦ ሄዷል። እሱ ራሱ መጣ፤ ደጄ ላይ ቆሞ መሬት መሬቱን እያየ፣ «እንግዲህ እኔና አንተ ብንሆንስ?» አለ። እሺ አልኩ። እንዲህ ነው። ወለተሐና በሬዋን ስታጣ ተቀናጇዋንም አጣች ማለት ነው፤ ያጣችው ደግሞ እኔን ነው።

በማግስቱ ወለተሐና ሁለታችን የቆምንበት መጣች። «መሬቴን እኩል እረሱልኝ» አለች።

«እኔ በነፃ አርስልሻለሁ!» አልኳት።

«በየትኛው በሬ? በግማሹ?» አለችኝ። አላፌዘችም። «የጋሽ ወልደኪዳን በሬ የሚበላው እሱም ገብስ ነው። እኩል አልኩ፣ እኩል።»

ወልደኪዳን ፊቱን አዞረ። እሷም ወደኔ ጠጋ ብላ፣ «አንተን ግን አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ሔራን እስከ ሰኔ አትወቅ። ወደ አንኮበር የሚሄድ ሰው ወሬ ሳያደርስላት ደውልና ዳልቻ ደህና ነው በላት። ፈተናውን ከወሰደች በኋላ የመጣው ይምጣ። እስከዚያ እኔ አንድ ጊዜ እየበላሁ ስንቋን እልካለሁ። ዋሽልኝ» አለች።

ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ያለ ዋጋ ስዋሽ ኖሬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ዋሽልኝ ብሎ ለመነኝ።

ከሰው ራቅ ብለን እርከኑ ጫፍ ላይ ቆመን ደወልኩ። ወለተሐና ጆሮዋን ከስልኩ ጀርባ አስጠግታ ቆመች።

«ጋሼ ዘሥላሴ! ዳልቻ ወደቀ ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው?»

«ወድቆ ነበር።»

«አሁንስ?»

«ድኗል።»

«እንዴት ዳነ?»

«ዳነ።»

«ማን አሸው?»

«ወጌሻ።»

«ከየት የመጣ?»

«ከ… ታች።»

ከወዲያ በኩል የትምህርት ቤት ልጆች ሲጫወቱ ይሰማል። ቆይታ፣ «ጋሼ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ዳልቻ በሕይወት ቢኖር ኖሮ አንተ እስካሁን በወሬህ ሁለት ጊዜ አስበርረኸው ነበር።»

ወለተሐናን ሰረቅ አድርጌ አየኋት።

«እማዬ አጠገብህ ናት?»

«የለችም።»

«እሺ። ‹አመነችኝ› በላት።»

ወለተሐና ምን አለች ብላ አልጠየቀችኝም። ጆሮዋ እዚያው ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የወለተሐናን የላይኛውን እርሻ ከወልደኪዳን በሬ ጋር ስናርስ ሔራን በመንገዱ መጣች። ፍራሿን ጠቅልላ በገመድ አስራ ጀርባዋ ላይ አዝላለች፤ ደብተሮቿ በፌስታል ናቸው። ለሁለት ቀን የሚመጣ ሰው ፍራሽ አያዝልም። ወልደኪዳን አያትና፣ «ውኃ ልጠጣ» ብሎ ሄደ። ውኃው ያለው እግራችን ሥር ነበር።

ሸክሟን ሳታወርድ እርሻው ዳር ቆመች። ቀንበሩን፣ ከቡሬ ጎን የቆመውን ቀይ በሬ፣ የተገመሰውን መሬት በየተራ አየች።

«እኩል ነው?» አለችኝ።

«እኩል ነው።»

«አውቄ ነበር።» ቀጥላም፣ «ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ሰው ይቀጥራሉ። ከክፍላችን ሁለት ልጆች ሄደዋል። ሰኞ እሄዳለሁ» አለች።

«ሦስት ወር እኮ ነው የቀረሽ! ሦስት ወር! እኔ…»

«እሷ በቀን አንዴ እየበላች ነው፣ ጋሼ። ባለፈው የላከችልኝን በሶ ሳየው አወቅኩ፤ የዘር ገብስ ነው የፈጨችልኝ።» አሁንም አላለቀሰችም። የተስፋሚካኤል ልጅ ናት። «በበሬው ምክንያት ነው እንዳትላት። ከቀረሁበት ቀን ጀምሮ ራሷን ትበላለች። ትምህርቱ ሰለቸኝ፣ ሥራው በለጠብኝ፣ ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት በልልኝ። እኔ ስዋሽ ታውቅብኛለች። አንተ ቀድመህ ግባና ንገራት፤ እኔ ምንጩ ጋ እቆያለሁ።»

ሄድኩ። ወለተሐና ደጃፏ ላይ ሰፌድ ይዛ ገብስ እየለቀመች ነበር። ተቀመጥኩ።

በስልኩ ላይ ያጣሁት ምላስ ያን ቀን ተመለሰልኝ። «የምሥራች!» ብዬ ጀመርኩ። ሔራን እንዴት ባለ ፋብሪካ ልትገባ እንደሆነ ነገርኳት፤ ሕንፃው ከመርዘሙ የተነሣ ጠዋት በበሩ የገባ ሠራተኛ ቦታው ሲደርስ የምሳ ደወል ይደወላል። የፋብሪካው አለቃ የሔራንን የእጅ ጽሑፍ አይቶ፣ «ይህቺ ልጅ ክር እንዳትነካ፤ ብዕር ብቻ ትያዝ» አለ። ብርድ የሚባል ነገር አይደርስባትም፤ እዚያ ማሽኑ ራሱ ሲተነፍስ ያሞቃል። ትምህርቱም አይቀርም፣ ማታ ማታ እዚያው ያስተምራሉ፤ አስተማሪዎቹ ተማሪ አጥተው መንገድ ላይ ሰው እየለመኑ ነው።

ወለተሐና ጣቶቿ ጠጠሩን ከገብሱ እየለዩ፣ ዓይኗ እኔ ላይ አልነበረም። ከትከሻዬ በላይ፣ ወደ ምንጩ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የተጠቀለለ ፍራሽ ጫፍ ከቁጥቋጦው ወዲያ ይታያል። ታየዋለች። እኔም ዓይኗን ተከትዬ ዞር ስል እንደምታየው አየሁ።

«ከዚያስ?» አለችኝ።

ቀጠልኩ።